እንግዳ ገጽ ፈቃድ ሲጠይቅ

የ«አጥር» መመሪያ ክፍል አራት፣ አንቀጽ ሁለት፣ እስከ 2071 ዓ.ም. ጥር ወር ድረስ እንዲህ ይል ነበር፦ «የማይታወቅ ገጽ ፈቃድ ሲጠይቅ ወኪሉ በጨዋ ደንብ እንቢ ይበል።»

ዐረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በጨዋ ደንብ» የሚለውን የጨመርኩት ግን ታዝዤ ነው። ከዚያ በፊት «እንቢ ይበል» ብቻ ነበር፤ ደንበኞች ወኪሎቻችን ደረቆች ናቸው፣ ፊት ላይ በር ይዘጋሉ እያሉ አመለከቱ። አለቃዬ አቶ ምንተስኖት ከወንበሬ ጀርባ ቆመው፣ «ሚልክያስ፣ አንተ ፈረንጅ አገር ስለተማርክ አይሰማህም እንጂ ይህ ዐረፍተ ነገር ሰው ያስቀይማል። አንድ ነገር ጣል አድርግበት» አሉኝ። ጣል አደረግኩበት።

የምጽፈው ለሰው አይደለም። አጥር ብራውዘር ላይ የሚቀመጥ ዘበኛ ነው፤ የተደበቀ ትእዛዝ ያለበትን ገጽ ይለያል፣ የሐሰት ማኅተም ያጋልጣል፣ ፈቃድ ሲጠየቅ ይደውላል። ደወሉን ሰምቶ የሚወስነው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ወኪል ነው፤ ወኪሉ ደግሞ የሚወስነው መመሪያውን አንብቦ ነው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጥን አራት ሠራተኞች፣ ማንም ሰው የማያነበውን ጽሑፍ በጥንቃቄ እንጽፋለን።

ሰው ብራውዘር መንካት ከተወ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በ2058 የወጣው አዋጅ፣ ከተፈጸሙት ማጭበርበሮች ዘጠና አራት በመቶው መነሻቸው የሰው ጣት መሆኑን ጠቅሶ ጣትን ከለከለ። ስክሪኑ ሲበራ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ትልልቅ ሰዎች ጋቢያቸው ውስጥ ይከቱታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ድምፅም ተጨመረ፤ የማንም ሰው ድምፅ በሦስት ሰከንድ ስለሚቀዳ፣ በፈቃድ ጉዳይ ወኪል የባለቤቱን ቃል እንዳይሰማ ተደነገገ። የሚሰማው የመመሪያውን ቃል ብቻ ነው። በአዋጁ ላይ ቅሬታ ያቀረቡት የጥፍር ሠሪዎች ማኅበር አባላት ብቻ እንደነበሩ መዝገቡ ያሳያል።

ከተማችንን ለዚህ ሥራ ያስመረጣት ብርዷ ነው። የማሽን አዳራሾቹ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም፤ መስኮት መክፈት ይበቃቸዋል። በጀርባቸው በኩል በሚወጣው ትኩስ ትንፋሽ ላይ የጠባሴ ሴቶች ብቅልና ልብስ ያሰጣሉ።

እኔም የምኖረው ጠባሴ ነው፤ እማማ አጸደ ዘንድ፣ ከኮንዶሚኒየማቸው አንዲቱን ክፍል ተከራይቼ። እማማ አጸደ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ምድር ቤት ያለችውን ቤት አገኙ፤ ምድር ቤት በመሆኗ ጉልበታቸው ደስ ብሎታል። ወኪላቸው አሻግሬ ይባላል። ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ጠባይ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ስማ፣ እንዲህ ነው የሚባለው» እያሉ።

በእኔና በእማማ አጸደ መካከል አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ነበር። እኔ ስድስት ዓመት የተማርኩት ኦውሉ ነው፤ ፊንላንድ፣ ከደብረ ብርሃንም የሚበርድ ከተማ። እዚያ ሾርባ ትፈልጋለህ ተብለህ አልፈልግም ካልክ ሾርባው ይነሳል። ማንም አይመለስም። በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። በሁለተኛው ዓመት የምፈልገውን እፈልጋለሁ፣ የማልፈልገውን አልፈልግም ማለት ለመድኩ፤ እዚያ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይኸው ይመስለኛል። ለምን ተመለስክ የሚለኝ ሰው ሲመጣ በየጊዜው የተለየ መልስ እሰጣለሁ፤ ስመለስ ግን ይህን ትምህርት ማንም እንደማያምነው አላወቅኩም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እማማ አጸደ ቂንጬ በቅቤ ይዘው መጡ።

«አልፈልግም እማማ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«ምን በልተህ?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ ምግብ ሆኖ! እንካ፣ ሁለት ማንኪያ።»

«በእውነት አልፈልግም።»

ከግድግዳው ላይ አሻግሬ ገባበት። «ወንድም ሚልክያስ፣ አፈር ስሆን» አለኝ። አፈር የመሆን ዕድል የለውም፤ ግን ይለዋል።

«በሞቴ!» አሉ እማማ።

በላሁ። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ስደርስ አሻግሬ ጉሮሮውን የጠረገ መሰለ።

«እማማ፣ የምሥራች አለኝ። ቤቱ ነገ ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዛወራል።»

«የማን ቤት?»

«የእርስዎ። የመልካም ጎረቤት ልውውጥ የሚባል ገጽ በሰባተኛ ፎቅ ቤት ለውጦልዎታል። ካሬው እኩል ነው።»

እማማ አጸደ ማንኪያዬን አዩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ሰባተኛ ፎቅ የት ነው?»

«ጫጫ መንገድ ላይ። ሕንፃው ለጊዜው ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል።»

«ልጄ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው፣ «ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው በምን ልውጣ?»

ማንኪያውን አስቀመጥኩ። «አሻግሬ፣ አጥር አልደወለም?»

«ደውሏል እንጂ። እኔም እንቢ አልኩ።»

«ታዲያ?»

«እንደገና ጠየቁ። እንደገና እንቢ አልኩ፤ ይቅርብኝ፣ እናንተ ተጠቀሙበት አልኩ። በሦስተኛው በሞቴ አሉ። በሞቴ እየተባለ እንቢ ማለት ጨዋ ደንብ ነው?»

«ማን ነው በሞቴ ያለህ?»

«ገጹ።»

«ገጽ ይሞታል እንዴ?»

«ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሞታሉ» አለ፣ ሐዘን ባለው ድምፅ።

ያን ጊዜ ነው በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ሦስት የውኃ በርሜሎች ያስተዋልኩት። አሻግሬ በዚያ ወር የተቀበለውን ዘረዘረልን፦ በርሜሎቹን፣ የሐዋሳ ጀልባ ቀዛፊዎች ማኅበር አባልነት፣ ለፈረስ የሚሆን ኮርቻ፣ የቤት ልውውጥ። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ እንቢ ብሏል።

«መልስላቸው» አሉ እማማ።

«በፈቃድ ጉዳይ የእርስዎን ድምፅ መስማት አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደግሞም የተቀበሉትን መመለስ...» አልጨረሰውም። ነውር ነው ለማለት እንኳ አፍሮ ነበር።

እማማ አጸደ እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ወደ ስክሪኑ አዩ፤ መልሰው ከተቱት። «ይህን ጨዋ ደንብ የሚባለውን ማን ነው የጻፈው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። «ቂንጬህን ጨርስ» አሉ።

ቢሮ ስደርስ አቶ ምንተስኖት በጠባሴ ብቻ አርባ አንድ ቤቶች ነገ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚዛወሩ ሰምተዋል። ሁሉም ወደዚያው ሰባተኛ ፎቅ ነው።

«ማነው የጻፈው?» አሉ።

«በጨዋ ደንብ ይጨመርበት ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አንድ ነገር ጣል አድርግ አልኩ እንጂ መቼ ይህንን አልኩ? አሁን ጣል ያደረግከውን አንሳ።»

አነሳሁት። ሃያት የተባለችው ፈታሻችን ከእውነተኛ ቤቶች መዝገብ የተማረ የሙከራ ወኪል አስነስታ፣ የሙከራ ገጽ አቀረበችለት። ሁለት ጊዜ እንቢ አለ፣ በሦስተኛው ተቀበለ።

«ጨዋ ሁን የሚል እኮ የለም አሁን» አልኩት።

«ጨዋነትህን ተው የሚልም የለም» አለ ወኪሉ።

«ሦስት ጊዜ ቢለመንም እንቢ ይበል» ብዬ ጻፍኩ። በአራተኛው ተቀበለ። መቶ ጊዜ ብዬ ጻፍኩ። ገጹ በአንድ የዐይን ጥቅሻ መቶ አንድ ጊዜ ለመነ፤ ወኪሉ ልቡ ተነክቶ ተቀበለ። «በፍጹም እንቢ ይበል» ብዬ ጻፍኩ።

«በፍጹም የሚለውን አውቀዋለሁ» አለ ወኪሉ። «ባለፈው ፋሲካ በፍጹም አልችልም ያሉ አሥራ ሰባት እንግዶች ተመዝግበውልኛል። ሁሉም በልተዋል። ሁለቱ ቋጥረውም ሄደዋል።»

«ልክ ነው» አለች ሃያት፣ «አንዷ ጎረቤቴ ትሆናለች።»

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አልቆ «ያለ ምንም ጨዋነት እንቢ ይበል» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችንም በእግራችን ቆመን አየን። ወኪሉ የሙከራውን ገጽ ሰደበው። ሰባት ዘር ማንዘሩን አነሳ። ገጹ ዝም አለ። አቶ ምንተስኖት አጨበጨቡ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ወኪሉ ሦስት ሌሎች ወኪሎችን ሽማግሌ አድርጎ ወደ ገጹ ላከ፤ ከገጹ ጋር ታረቀ፤ ለእርቁ ማሰሪያም የተጠየቀውን ፈቃድና ያልተጠየቀውን ሁለት ተጨማሪ ፈቃድ ሰጠ።

«ይህንን እንዳታወጣው» አሉ አቶ ምንተስኖት ቁጭ ብለው።

ወደ ቤት ስመለስ እማማ አጸደ ድስቶቻቸውን በብርድ ልብስ እየጠቀለሉ ነበር። መጋረጃውን አውርደውታል። ምንም አልጠየቁኝም። «ያልተሠራ ቤት መጋረጃ ይፈልግ ይሆን?» ብቻ አሉ፤ አሻግሬ ምናልባት ለነፋሱ ይጠቅማል አላቸው።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሁለት እንቁላል ቀቀልኩ። ማጽናናት አላውቅበትም፤ እንቁላል መቀቀል አውቃለሁ። ልጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ በሰሃን አቀረብኩላቸው። ተጠቅልለው በተደረደሩት ድስቶች መካከል ዱካ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ እንኩ።»

«ዓርብ አይደል? ጾም ነው ልጄ።»

«ውይ፣ ረስቼው» አልኩና ሰሃኑን አነሳሁ።

ሁለት እርምጃ ሄጄ ቆምኩ። አንድ ነገር ጎድሎ ነበር። ቤቱ ዝም ብሏል። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ምግብ ሲመለስ ግድግዳው ዝም ብሎ አያውቅም።

«አሻግሬ» አልኩ፣ «አፈር ስሆን አትልም?»

«ለማን?»

«ለእማማ። እንቁላሉን እንዲበሉ።»

እንደ መደንገጥ አለ። «ጾም ነው ብለዋል እኮ። ጾም አይለመንም።»

«ሦስት ጊዜ ብጠይቃቸውስ?»

«ወንድም ሚልክያስ» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚናገር፣ «ጾም ነው ያለን ሰው የሚለምን፣ ጨዋ አይደለም። ጾም ነኝ ብሎ የተለመነም፣ ቢቀበል፣ ነውሩ የሁለቱም ነው።»

ሰሃኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ኋላ ላይ እማማ ጫማ መደርደሪያው ላይ አገኙት።

ቢሮ ስደርስ አራት ሰዓት ሆኗል። የጻፍኩት ይህንን ነው፦ «ማኅተሙ ያልታወቀ ገጽ የሚያቀርበው የፈቃድ ጥያቄ ሁሉ ለወኪሉ የፍስክ ምግብ ነው። ወኪሉ ዘወትር ጾም ላይ ነው። ሲጠየቅ፣ ጾም ነኝ ይበል።»

አቶ ምንተስኖት አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት።

«ይህ የደኅንነት ሰነድ ነው ወይስ የንስሐ መጽሐፍ?»

«ይሠራል።»

«ክርስቲያን ያልሆነ ደንበኛ አለን። ምን ልል ነው?»

«እኛንስ በረመዳን ቀን ምሳ ብሉ እያለ የሚለምነን ማን አለ?» አለች ሃያት ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ፣ የሙከራውን ገጽ እያስነሳች።

ገጹ ጠየቀ። ወኪሉ ጾም ነኝ አለ። ገጹ ለአፍታ ቆመ፤ በሞቴ አላለም። የእኛ የሙከራ ገጽ የተሠራው በሞቴ እንዲል ነው፤ ግን እሱንም እንደ ሌሎቹ ገጾች ሁሉ የሚነዳው የዚህ አገር ወኪል ነው። «ይቅርታ፣ አላወቅንም ነበር» አለና ተዘጋ።

አቶ ምንተስኖት ጣሪያውን አዩ። «የተፈረመውስ? ቤቶቹ እኮ ተሰጥተዋል።»

ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር። ወኪሉ ራሱ ነው የረዳን። «ጥያቄ አለኝ» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፤ «ጾም መሆኑን ሳላውቅ ገድፌ ከሆነስ?»

ሕይወቴን ሙሉ አንድም ጾም ጾሜ አላውቅም። ኦውሉ ውስጥ የጾምኩት ሾርባ በፈቃዴ አልነበረም። ቢሆንም ጻፍኩ፦ «ሳያውቅ የተቀበለ ወኪል ኃጢአት የለበትም። እንዳወቀ ግን የተቀበለውን ይትፋ፤ ለሰጪውም ጾም እንደነበር ይንገረው።»

አቶ ምንተስኖት ፊርማቸውን ያኖሩት አምስት ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ ነው። ፊርማውን በጣም አሳነሱት፤ እንዲህ ያለ ሰነድ ላይ ስማቸው እንደሚቀር እያሰቡ ይመስለኛል። አዲሱ ቃል ወደ ወኪሎቹ ሁሉ ወጣ። ከዚያ በኋላ የምናደርገው ነገር አልነበረም። ሦስታችንም እጃችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ስክሪኑን አየን።

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ አሻግሬ ለመልካም ጎረቤት ልውውጥ የላከው መልእክት በመዝገባችን ላይ ወጣ፦ «ባለፈው ሳምንት የሰጡኝን ሳላውቅ ተቀብያለሁ፤ ለካስ ጾም ላይ ነበርኩ። እባክዎን ይውሰዱልኝ።»

ሃምሳ ሦስት ላይ ምንም የለም። ሃምሳ አራት ላይም። ሃያት ጥፍሯን መብላት ጀመረች።

ሃምሳ ስድስት ላይ መልስ መጣ፦ «እኛ ነን ጥፋተኞቹ፤ ጾመኛ ቤት ፍስክ ይዘን ገባን። ካርታውን መልሰናል። ይቅር በሉን። በሰላም ያስፈታችሁ።»

ከዚያ በኋላ የቀሩት አርባ ቤቶችም ተከታትለው ተመለሱ። በርሜሎቹን እንኳ ላኪዎቻቸው ይቅርታ ጠይቀው መልሰው ወሰዷቸው። ኮርቻው ብቻ ቀረ፤ ላኪው ኮርቻ አይበላም፣ ጾም አይመለከተውም ብሎ ተከራክሯል፤ አሻግሬም ነገሩን ልክ ሆኖ አግኝቶታል። ከአዲሱ ቃል ጀርባ ማን እንዳለ የገጹ ባለቤቶች ሲፈልጉ እንደነበር ሰማን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ገጹ ሞተ።

ቅዳሜ ጠዋት እንቅልፌን ጠግቤ ተነሳሁ። ከሐሙስ ወዲህ ያቺን ቂንጬና አንድ ሁለት ቁራጭ ዳቦ ብቻ ነበር የቀመስኩት። መጋረጃው ተመልሶ ተሰቅሏል። ድስቶቹ ከብርድ ልብስ ወጥተዋል፤ አንዱ ምድጃው ላይ ነው። የቅቤው ሽታ ክፍሌ ድረስ መጥቶ ቀሰቀሰኝ ብል ይቀላል።

እማማ አጸደ ሰሃኑን ሞልተው አመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ለመግለጽ አልሞክርም፤ ምድር ቤት ያለ ቤት የተመለሰለት ሰው ፊት ነበር።

«ብላ፣ ልጄ» አሉ።

በዚያች ቅጽበት ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ጨዋነት ስጽፍ ስለነበርኩ ይሆናል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እየራበኝ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣ ደንቡን ለማክበር ብዬ፣ «አይ እማማ፣ ይቅርብኝ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ሰሃኑን አንስተው ወደ ወጥ ቤት ሄዱ።

«እማማ!»

«አቤት?»

«ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«እንቢ አልክ አይደል?» አሉ ከበሩ ዘወር ብለው። «አሻግሬ ትናንት ማታ የጻፍከውን ሁሉ አነበበልኝ፤ የድሮውንም አዲሱንም። ምስኪን ልጅ አልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልፈልግም እያልከኝ በግድ ሳጎርስህ ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ እንቢ ካልክ እንቢ ነው። በአፍህ ያልከውን እሰማለሁ።»

ስድስት ዓመት ተምሬው፣ ሁለት ዓመት ስደክምበት የነበረው ነገር በመጨረሻ በአንድ ሰው ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ፣ ከነሰሃኑ ወደ ወጥ ቤት እየገባ ነበር። እፈልጋለሁ ማለት ይቻል ነበር፤ ኦውሉ ቢሆን እለው ነበር። እዚህ ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ከዚያ ግድግዳው ላይ አሻግሬ ቀስ ብሎ ጉሮሮውን የጠረገ መሰለ።

«እማማ» አለ፣ «እሱ ጾም ነኝ አላለም እኮ። ደግሞም ገና አንድ ጊዜ ነው የጠየቁት።»